ቆጠራው እንዳይጠፋብኝ

ልጅ ሳለሁ ከጨዋታ ሁሉ ገበጣን አስበልጥ ነበር። ዳማ የቆርኪ ለቀማ ነው፤ ካርታ ደግሞ እጁን የሚደብቅ ሰው ጨዋታ ነው። ገበጣ ግን ጠጠሩ ሁሉ ገሃድ ስለሆነ ማታለል የለበትም፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ዛሬ ልጄ ስልኩ ላይ የሚጫወተውን ደግሞ ጨርሶ አልወደውም። «ሞትኩ» ይልና ሳቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል።

ገበጣ ያስተማሩኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። መካነ ሰላም ዳር ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። የቆሎ ተማሪ ያስተምሩ ስለነበር እኛ ቤተሰቦቻቸውም ሳንቀር የምንጠራቸው የኔታ እያልን ነው። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል። አመሻሽ ላይ ተማሪዎቻቸው ሲበተኑ እኔና ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ምድጃው ዳር እንቀመጣለን፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ እያስለቀሰን፣ ኩራዙ ገና ሳይለኮስ፣ በፍሙ ብርሃን ብቻ፣ እሳቸው ከወይራ የተጠረበውን ገበጣ በጣቶቻቸው እየዳበሱ በአሥራ ሁለቱ ጉድጓድ አራት አራት ጠጠር ያድሉና ተረታቸውን ይጀምራሉ። ብዙ ተረት ነበራቸው፤ እኔ የምወደው ግን አንዱን ነው። ልጁ የታሰረበት አንድ ባላገር ከንጉሥ ጋር ገበጣ ይገጥምና አሸንፎ፣ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደሳለኝ «ይችን ስንቴ ትሰሚያታለሽ!» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ ግን እሱም እስከ መጨረሻው ሳይሰማ አይነሳም።

ኋላ የአፈሳው ዘመን መጣ። አንድ ቅዳሜ ደሳለኝ ጨው ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር አፈሱትና ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ዘጉባቸው። መኪና ከደሴ መጥቶ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ይወስዳቸዋል ተባለ። እናቴ ስንቅ ቋጥራ አዳራሹ በር ላይ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ቆመች። እኔ ግን አላለቀስኩም። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የሚደረገውን የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤት ሮጬ ገበጣውን አነሳሁ፤ ጠጠሩን በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ በአዳራሹ ጀርባ ዞሬ የሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ገበጣ እንግጠም። ካሸነፍኩዎ ወንድሜን ይልቀቁልኝ» አልኳቸው።

አዩኝና ሳቁ። «ወላሂ፣ ይችን የየኔታን ልጅ እዩልኝ!» አሉ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን በእኛ አገር ወላሂ የማይል የለም። «እሽ፣ በይ ደርድሪ።»

እሽ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቀላል ተጫዋች አልነበሩም። መሐል ላይ ስንደርስ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው የሴቶች ጩኸት ተከተለ። ከጩኸቱ መሐል የእናቴን ድምፅ ለየሁት፤ «የሻረግ! የሻረግ!» እያለች ስሜን ትጠራለች። እጄ ውስጥ ዘጠኝ ጠጠር ነበር። ቆጠራው እንዳይጠፋብኝ ቀና አላልኩም። ላስፈታው ነው፣ ምን ያስጮኻቸዋል ብዬ ተናደድኩባቸው።

አሸነፍኩ።

«ጎበዝ። በይ አሁን ወደ እናትሽ ሂጂ» አሉኝ።

«ወንድሜስ?»

«ጨዋታ አልነበረም እንዴ?» አሉ። አሁን አልሳቁም። ዓይናቸውን ወደ ወረቀታቸው መለሱ።

ደጅ ስወጣ መኪናው ሄዷል፤ የቀረው አቧራው ነው። ደሳለኝ ከመኪናው ላይ ሆኖ ዓይኑን እያንከራተተ «የሻረግስ?» ይል እንደነበር እናቴ ነገረችኝ። የት እንደዋልኩ ስነግራት በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትታኝ አታውቅም።

አመሻሽ ላይ ምድጃው ዳር ለየኔታ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በስንት በለጥሽው?» አሉ፤ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው።

«በስምንት።»

ጣቶቻቸው ባዶውን ጉድጓድ ሲዳብሱ ቆዩ። «እኔን ይድፋኝ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የሰማሁት እንደዚያ አልነበረም። ባላገሩ አሸነፈ፤ ንጉሡ ግን ልጁን አልሰጠውም። ደስ እንዲላችሁ ብዬ ፍጻሜውን ያዞርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወዲያ ተረት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ደሳለኝ አልተመለሰም። ደብዳቤውም መርዶውም አልመጣም። ሊቀመንበሩን ስረግም ኖሬያለሁ፤ የኔታንም ቢሆን ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ እንጂ እኔ አልማርኳቸውም። ለልጅ ሐሰት በማር ለውሶ ማጉረስ ኃጢአት ነው። ሌሊት የሚመለስብኝ ግን የእነሱ ፊት አይደለም፤ እጄ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ ጠጠሮች ናቸው።

ገበጣ ዳግመኛ ነክቼ አላውቅም። ዛሬ ከደጅ ስሜን የጠራኝ ሰው ካለ የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ እወጣለሁ። ወተቱ ይገነፍላል፤ ወጡ ያርራል። ልጄ ከስልኩ ላይ ሳይነሳ ይስቅብኛል፤ «እማዬ ደግሞ፣ ማን መሰለሽ? ጎረቤት ናት እኮ» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ሁልጊዜም ጎረቤት ናት።