መርከብ ከንፋስ መውጫ ስትከሰስ

ማመልከቻ ጻፊ ሆኜ በተቀመጥሁበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ንጹሕ ሰው ጥፋተኛ አደረግሁ። ለሌላው ሰው ይህን ለመሥራት ዓመታት ይፈጅበት ይሆናል፤ እኔ ለምሳ ሳልነሣ ጨረስሁት።

ሰውየው ከአርብ ገበያ በኩል የመጣ ገበሬ ነበር። የጎረቤቱ በቅሎ ገብሱን በልታበታለች። ንፋስ መውጫ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛዬን ተክዬ፣ ወረቀቱን ከነካርቦኑ ዘርግቼ፣ ቋንቋዬን ሳሳምር ከሳሽና ተከሳሹን አቀያየርኋቸው። ገበሬው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈና መርቆኝ ገባ። ዳኛው አንብበው፣ «ጥፋትህን ለማመን ነው ይህን ሁሉ መንገድ በእግርህ የመጣህ?» አሉት። ሲመለስ ምርቃቱን ትቶ ዱላውን ይዞ ነበር።

ያስጣሉኝ ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ የኔታ ናቸው።

«አንብበህለታል?» አሉኝ።

«ጣቱን ካሳረፈማ ተስማምቷል ብዬ ነው።»

«አንተ ደንቆሮ! ጣቱን ያሳረፈው'ኮ ማንበብ ስለማይችል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጮክ ብለህ ሳታነብ የሰው ጣት ቀለም እንዳይነካ።»

ማመልከቻውን እንደገና ጻፍነው። ገብሱን ለባለቤቱ፣ በቅሎዋን ለጎረቤቱ መለስሁ።

ከዚያ ወዲህ የድንበር ክስ፣ የፍቺ ክስ፣ የጠፋ በሬ ክስ ስጽፍ አረጀሁ። ያልጻፍሁት ክስ የለም እያልሁ ስኩራራ እመት ጥሩሰው መጡ። ስድሳን ያለፉ የስማዳ ባልቴት ናቸው፤ የወገዳ መንገድ አንገላቷቸው ነጠላቸው አፈር መስሏል።

«ክስ ነው?» አልኋቸው።

«ክስ ነው።»

«ማንን ነው የሚከሱ?»

«መርከብ።»

እኔ ጣናን እንኳ ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ከአውቶቡስ መስኮት፣ ፊቴ የቆመ ሰውዬ እኩሌታውን ከልሎኝ። ቢሆንም ባለሙያ ነኝና ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው አስጠርታ፣ ለሽርሽር ብላ መርከብ ላይ አሳፈረቻቸው። ሆቴሉም ሱቁም መዋኛውም እዚያው ውስጥ ነው። «ንፋስ መውጫን ከነባጃጇ ብታስገባባት ቦታ ይተርፋታል» አሉኝ። ገና ሲሳፈሩ አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ፣ ጎራዴ የመዘዘ ሰው ዘሎ አቀፋቸው። ሌላው ፎቶ አነሣ። ለካ የባሕር ሽፍታ ተመስሎ መንገደኛ የሚያሥቅ የመርከቧ ሠራተኛ ነው። የመርከቧ ድርጅት ፎቶውን በኢንተርኔት ማስታወቂያ አደረገው፤ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘል አገራቸው ወገዳ ገባ።

ታዲያ እመት ጥሩሰው ሊመነኩሱ ነበር። ቆቡ ተሰፍቷል፣ ቀኑ ተቆርጧል።

«አሁን ገበያ ስወጣ የሽፍታው ሚስት ይሉኛል። የነፍስ አባቴም ያ ነገር ሳይወርድ ቆብ የለም አሉኝ።»

ፎቶውን አየሁት። «እመት፣ እዚህ ላይ'ኮ እየሣቁ ነው።»

«ታዲያ ጎራዴ ለያዘ ሰው ላልቅስለት?»

«ተከሳሽ፦ መርከብ» ብዬ ጻፍሁ። አድራሻ የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

«የት ነው የምትኖር?»

«ኧረ እሷ አትቀመጥም፤ ስትዞር ነው የምትውል።»

«ቋሚ አድራሻ የሌላት፣ ዘዋሪ» አልሁ። አነበብሁላቸው፤ ጣታቸውን አሳረፉ። መዝገብ ቤት ይዤው ስገባ ተቀባይዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አባባ፣ መጥሪያውን ማን ያደርሳል?»

«ተከሳሽ ከጠፋ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ የለ?»

«መርከቧ እዚህ ተራራ ድረስ መጥታ ልታነበው?»

«ተራራ ላይ ስትቆም የመጀመሪያዋ አትሆንም» አልኋት፣ ኖኅን ተማምኜ።

ሣቋን በመዳፏ አፍና፣ ይህ እዚህ የሚከፈት መዝገብ እንዳልሆነ፣ ለድርጅቱ ብንጽፍ እንደሚሻል መከረችኝ። እውነቷን ነው። ይህን ከመጻፌ በፊት ማሰብ ነበረብኝ፤ ግን መርከብ መክሰስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወጥተን ለልጃቸው ደወልን።

«አባባ፣ ትኬት ሲቆረጥ ውል አለ» አለች። «ፎቶ እናነሣለን፣ ለማስታወቂያም እናውለዋለን ይላል። እስማማለሁ የሚለውን እኔ ነኝ የነካሁላት።»

«አነበብሽላቸው?»

«በጣም ረዥም ነበር፤ እኔም አላነበብሁትም» አለች።

«ታዲያ ያረፈው የማን ጣት ነው?»

እመት ጥሩሰው ከጎኔ፣ «የኔስ አሥሩም እዚሁ አሉ!» ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉለት።

ደብዳቤውን ጻፍሁ። «መሳፈሬ ፊቴን መስጠቴ አይደለም። ውሉ አልተነበበልኝም፤ ጣቴም አላረፈበትም። ስለዚህ ፎቶዬ ይውረድልኝ።» ልጅቱ ተርጉማ ላከችው።

ሳምንታት አልፈው መልስ መጣ። እናወርዳለን፣ ብቻ ይህን ቅጽ ፈርሙልን ይላል። ልጅቱ በስልክ የላከችውን አሳትመን ያዝነው። እመት ጥሩሰው አውራ ጣታቸውን አውጥተው ቆሙ።

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ ልገላገል! የነፍስ አባቴ እየጠበቁኝ ነው።»

እኔም ችኩሉ የቀለሙን ክዳን ከፍቼ ነበር። ያቺ በቅሎ ትዝ ባትለኝ ኖሮ አስፈርሜያቸው ነበር።

«ይቆዩ፤ ይነበብ» አልሁ።

ልጅቱ በስልክ እየተረጎመች፣ እኔ ጮክ ብዬ እየደገምሁ መስመር በመስመር ወረድነው። ባለጉዳዩ ሁሉ ክሱን ትቶ ከበበን። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ድርጅቱ ፎቶውን ወደፊት በሌላ ቦታ የመጠቀም መብቱ የተጠበቀ ነው ይላል።

«ሽፍታው ሊመለስ ነዋ!» አሉ እመት ጥሩሰው።

መስመሩን ሰረዝሁት። ዳሩ ላይ «ይህ አልተፈቀደም» ብዬ ጽፌ አነበብሁላቸው። አንድ ጣት ስርዙ ላይ፣ አንድ ጣት ግርጌው ላይ አሳረፉ። ልጅቱ ላከችው፤ ድርጅቱም እንዳለ ተቀበለው፤ ፎቶው ወረደ። የነፍስ አባታቸው የአንድ ዲያቆን ስልክ ተቀብለው ሲፈልጉ ውለው አጡት። ቆቡ ተጫነ።

ዛሬ እማሆይ ናቸው። ለጉዳይ ንፋስ መውጫ ሲመጡ፣ «ሽፍታውስ?» እላቸዋለሁ።

«ለእሱም እጸልያለሁ፤ አንድ ዓይና ነው» ይሉኛል። ከጨርቁ ሥር ዓይኑ ደህና መሆኑን እስካሁን አልነገርኋቸውም።

ከጎኔ በኮምፒውተር ለምትጽፉ ልጆች የምተውላችሁ ይህን ነው፤ ጣት ከማረፉ በፊት ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የመጨረሻው ገጽም ጭምር።