የተበላው ናሙና

ይህ የገጠመኝ አምና ኅዳር ላይ ነው። ያን ቀን የደነገጥኩት ድንጋጤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል።

ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት የለውዝ ንግድ አለኝ። ካቻምና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ የላክሁት ጭነት ሻጋታ ተገኘበት ተብሎ ከወደብ ተመለሰብኝ። አምና እንደ ምንም ሌላ ገዢ ሳገኝ «የመንግሥት የጥራት ምስክር ወረቀት ከሌለሽ አልቀበልም» አለኝ። ይሄኛውም ከተመለሰ ንግዱን መዝጋቴ ነው።

ጥሩ ጥሩውን ፍሬ አንድ በአንድ መርጬ፣ በፌስታል ይዤ ወደ ግብርና ቢሮ ሄድኩ። ወረፋ ላይ እያለሁ የንግድ ፈቃዴን ኮፒ አድርጌ እንድመጣ ተነገረኝ። አጠገቤ ከባቢሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ይቺን ይያዙ፤ መጣሁ» ብያቸው ወጣሁ።

ስመለስ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያኝካል። ፌስታሉ ውስጥ የቀረው አንድ እፍኝ አይሞላም።

«ኧረ አባባ! ለምርመራ ያመጣሁት ናሙና እኮ ነው!»

ሽማግሌው ክው አሉ። «አስተግፊሩላህ! ይያዙ ስትዪኝ ይብሉ ያልሽኝ መስሎኝ! ብቻዬን መብላቱ አሳፍሮኝ ለሰውም አደልኩት።»

ልቅሶዬ ሲመጣ የቢሮው የጥራት ባለሙያ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። ነገሩን ስንነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ባይበላም አልቀበልሽም ነበር» አለኝ። «የምንመረምረው መርጠሽ ያመጣሽውን ሳይሆን ጆንያው ውስጥ ያለውን ነው። ነይ፣ መጋዘንሽን አሳዪኝ።»

ሐጂ ዩሱፍ፣ ሽማግሌው ማለቴ ነው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ እኔም አልቀርም» ብለው ተከተሉን።

ባለሙያው መጋዘን እንደገባ እጁን ከታችኞቹ ጆንያዎች ሥር ሰደደ። ከሲሚንቶው ወለል እርጥበት ስበው ርሰዋል፤ ፍሬው መሻገት ጀምሯል። እኔ ከላይ ከላዩ ብቻ ነበር የማየው።

«ይሄ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ እንደገና ይመለስብሽ ነበር» አለኝ።

የረጠቡትን አውጥተን፣ ደህናዎቹን ከወለሉ ከፍ አድርገን በእንጨት ላይ ደረደርን። ሐጂም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አብረውኝ ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ ሲለቅሙ ዋሉ። ከሳምንት በኋላ ባለሙያው ከየጆንያው ራሱ ናሙና ወስዶ አስመረመረልኝ። አለፈ! ጭነቱም ሄደ፤ እንደ ካቻምናው ሳይመለስ በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ ከሐጂ ዩሱፍም ለውዝ እገዛለሁ። ድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ መጋዘኔ ሲመጣ መደበቅ ያምረኝ ነበር። አሁን ግን የቢሮው ሰዎች ከዘገዩ እኔው ነኝ ደውዬ «ምነው ጠፋችሁ?» የምላቸው።