የተኛው ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከሶዶ ወደ ጉኑኖ፣ አያቴ ቤት እላክ ነበር። ያኔ ማታ ማታ፣ ጎደሬው ፍም ውስጥ እየበሰለ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ አያቴ ከእንሰቱ ጀርባ ስለቆሙት የጥንት ድንጋዮች ይነግሩን ነበር። ቁጡ ሰው ነበሩ። መሀል ላይ ከሳቅኩ «በይ እንግዲህ አንቺ ጨርሺልን!» ብለው ይኮሳተሩና፣ ስንት ተለምነው ከመጀመሪያው ይነሳሉ።

«እነዚህ መጀመሪያ እዚህ የሰፈሩት ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ሲሞት አንድ ድንጋይ ይቆምለታል» ይሉን ነበር። አንዱ ድንጋይ ግን ሣር ለብሶ እንደተጋደመ ነው። «እሱ የመጨረሻው ሰው ነው። መንደሩ ባዶ ሲቀር ያን ቀን ይቆማል። እስከዚያ እሱም ይተኛ፣ እኛም እንኑር።» ጸሎት ቤት የሚያገለግለው አባቴ «የሚነሳው ሙት እንጂ ድንጋይ አይደለም!» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን በነጋ ቁጥር ሮጬ አየዋለሁ። እንደተኛ ነው። እፎይ!

አያቴ አረፉ። ልጅም የልጅ ልጅም ሥራ ፍለጋ ከመንደሩ ወጣ፤ ቤቱን ይዛ የቀረችው አክስቴ ብቻ ናት። ባለፈው ዓመት ቦታው ቅርስ ነው ተብሎ ታጠረ፣ ሰሌዳም ተተከለለት። እሰይ ብለን ነበር። ሠራተኞቹ ግን የተኛው ድንጋይ የወደቀ መስሏቸው አቆሙት፤ ሥሩንም በሲሚንቶ ሞሉት። አክስቴ በወላይትኛ «ተዉት፣ ይተኛ» እያለች ለመነች። ቋንቋውን የማያውቀው ወጣት አለቃቸው፣ ይወድቃል ብላ የፈራች መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«አይዞዎት እማማ፣ ከእንግዲህ አይወድቅም።»

ዘንድሮ ስሄድ ጓሮው ገሚሱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። አክስቴ በተነቀለው እንሰት ምትክ ችግኝ አልተከለችም።

«ምነው አክስቴ?»

«እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው? ማን ሊበላው?»

«ኧረ ተረት እኮ ነው!» አልኳት። ለራሴም አልጣመኝም።

ቀና ብላ አየችኝ። «ተረት ከሆነማ ነይና አንቺ ትከዪው።»

ሥራዬ፣ ልጆቼ፣ ቤቴ፣ ሁሉም ሶዶ ነው። ባጃጁ ሳይሄድብኝ ብዬ ተነሳሁ። ከእነዚያ የአያቴ ምሽቶች የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው፤ ከዚያ ቤት ስወጣ ድንጋዩን ሳላየው አልሄድም። ዞሬ አየሁት። ቆሟል።