ወጥ ያለበት ገጽ

የአማርኛ መምህርት ሆኜ አሶሳ ከተመደብሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እራቴን የበላሁት ከመጽሐፍ ጋር ነው። ምግብ ቤት ገብታ ብቻዋን የምትቀመጥን ሴት ሁሉም ዞሮ ያያታል። ስለዚህ ክፍሌ ውስጥ ሽሮዬን እሠራና ሳህኑን በግራ፣ ልብ ወለዱን በቀኝ አድርጌ እቀመጣለሁ። ውሎ አድሮ ልማድ ሆነብኝ፤ ሰዎች የሚበሉበትን ገጽ ፈልጌ እነሱ ገበታ ሲቀርቡ እኔም እቀርባለሁ። ሲጎራረሱ ግን እጄ ይቆማል።

ቤት ያከራዩኝ አንዲት የበርታ እናት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ጉባ፣ ግድቡ ላይ ይሠራሉ። እሳቸውና እኔ በአንድ ግቢ ፊት ለፊት እንኖር ነበር። አማርኛ የለመዱት ገበያ ውስጥ ስለሆነ ሴትም ትሁን ወንድ ሁሉም ሰው ለእሳቸው «አንተ» ነው። አርሜያቸው አላውቅም። ከተማው ውስጥ ከትምህርት ቤት ውጪ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እንዴትም ቢጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን አልበላንም። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ የአንዳችን ሥጋ ለሌላችን አይሆንም። ላለማስጨነቅ ብለው አይጠሩኝም፤ እኔም «አልበላም» ላለማለት በምሳ ሰዓት በሬን ገርበብ አደርጋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጠሙ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠሩኝ።

«መምህር፣ አንተ ጾም ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«ሥጋ የለም? ቅቤም የለም?»

«የለም።»

«የኔ ባሚያ ወጥም ዛሬ በዘይት ነው። ፀሐይ ሲገባ ና፣ አብረን እንበላለን።»

አዛን ሲሰማ ቴምር ሰጡኝ። ከዚያ የማሽላ ገንፎውን ባሚያው ውስጥ እያጠቀስን ከአንድ ሳህን በላን። እጃችን ሲነካካ መጀመሪያ አፈርሁ። ስጨርስ ግን ቶሎ መነሳት አልፈለግሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እሄድ ነበር፤ ቀደም ብዬም እደርሳለሁ። እስኪመሽ ያለው ሰዓት ስለሚረዝምባቸው ልብ ወለድ ይዤ ሄጄ አነብላቸው ጀመር። በሦስተኛው ቀን የሠርግ ድግስ ያለበት ቦታ ደረስሁ። ዶሮው ከሚገነጣጠልበት ብዙም ሳልርቅ እጃቸውን አነሱ።

«ቁም፣ ቁም! ጾም ላይ ላለ ሰው ወጥ ይነበባል? እሱን ገጽ ዝለል። ከበላን በኋላ ታነባለህ።»

እንዲሁ አደረግን። ወጥ ያለበትን ገጽ ሁሉ ጫፉን አጥፌ እዘላለሁ፤ ከበላን በኋላ ሻይ ስንጠጣ ተመልሼ አነበዋለሁ። ያ ድግስ ሦስት ገጽ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ሰው ጠግቦ ነው የጻፈው» አሉ። «የራበው ሰው እንዲህ አያወራም። ‹በላ› ይላል፣ ያልፋል።»

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ መምህር ግን አላስታውስም።

ሌላ ቀን ግጥም ይዤ ሄድሁ። የመጨረሻውን ዳቦ ለልጆቿ አካፍላ «እኔ በልቻለሁ» ስለምትል እናት የተጻፈ ነው። ድገም አሉኝ። ስደግም ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ጦርነት ጊዜ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ በእግር ስንሄድ፣ ልጆች ይጠይቃል፣ እኔ በላሁ እላለሁ። ሦስት ቀን በላሁ አልኩ።» ግጥሙን በጣታቸው እያመለከቱ «ይሄን የጻፈው ሰውዬ፣ ማን ነገረው?» አሉኝ።

«አላውቅም እማማ» አልኋቸው። ስለ ራሴም አንድ ነገር ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ስላልነበረኝ ተውሁት።

ኢድ ሲደርስ ልጆቻቸው ከጉባ መጡ፤ በግ ታረደ፤ ቤቱ ሞላ። የእኔ ጾም ገና አላለቀም ነበር። በልጃቸው ሚስት እጅ ቴምርና ማንጎ ላኩልኝ። በማልሰማው ቋንቋ ሲስቁ እየሰማሁ ክፍሌ ውስጥ በላሁ። ለፋሲካ ዶሮ ሠራሁ። ያን ቀን ሳህኔን ይዤ በር ላይ ስቀመጥ አይተው እሳቸውም የራሳቸውን ሥጋ ይዘው በራቸው ላይ ተቀመጡ። አሥር እርምጃ ያህል ተራርቀን፣ እየተያየን በላን። እንዲህ ያለ ገበታ ባሉኝ መጻሕፍት ውስጥ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ልጽፈው ሞክሬ ሁለት ስንኝ ላይ ቆምሁ።

ክረምት ሲገባ ጉልበታቸው ስለታመመ ልጆቻቸው ጉባ ወሰዷቸው። መኪናው ውስጥ ሆነው እጄን ይዘው ቆዩ።

ቤታቸውን ከወለጋ የመጡ ባልና ሚስት ተከራዩት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። አንድ ምሽት እራቴን አቅርቤ ስበላ ሚስትየዋ አንኳኳች።

«ይቅርታ መምህርት፣ እንግዳ አለሽ እንዴ? ሊጥ ማቡኪያ ልዋስ መጥቼ ድምፅ ሰማሁ።»

«ኧረ የለም፣ ግቢ። ጮክ ብዬ እያነበብሁ ነው።»

ክፍሉን ቃኘች። «ለማን?» አለች፣ ወዲያው አፈረች። ማቡኪያውን ሰጠኋት፤ አመስግና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ስመለስ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሳላሞቅ በላሁት።