በገንዳ ውሃ የፀሐይ መሞቂያ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር

የከተማ ፕላን መስሎኝ የሰው አንጀት ተሸክሜ ከቤት ወጣሁ። ከበሩ ጥግ ሁለት አንድ ዓይነት የወረቀት ማስቀመጫ ቱቦዎች ቆመው ነበር፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአስተማሪዋ የልጅ ልጄ። መነጽሬን ኪሴ ውስጥ ይዤ በጨለማ እየዳበስኩ አንዱን አነሳሁ። ሰባውን ያለፈ ሰው መነጽር የሚደረገው ዓይን ላይ መሆኑን ሊያውቅ ይገባ ነበር።

መንገዱ «ዛሬ ክፍት ነው» ተብሏል። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አዘዞን ሲያልፍ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ካፖርት ለብሻለሁ፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሥሩ ሌላ ሹራብ። ሹፌሩ በመስታወቱ ሲያየኝ ቆየና «አባት፣ የምንወርደው ቆላ ነው እኮ፤ ሊጋገሩ ነው?» አለኝ።

ጡረታ የወጣሁ የሕንፃ ነዳፊ ነኝ። የገንዳ ውሃ ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመው፣ ለዓመታት ቆሻሻ መጣያ ሆኖ የቀረውን አንድ ሰፊ ሜዳ የሕዝብ ማዕከል እንዳደርግላቸው ጠይቀውኛል። አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መቀመጫ ያለው አደባባይ። የመጀመሪያውን ንድፍ ከሁለት ወር በፊት፣ በስልክ የላኩልኝን ፎቶ እያየሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠርቼ ልኬያለሁ። ዛሬ የመጨረሻውን ይዤ እየሄድኩ ነው። ይዣለሁ ብዬ ነው እንግዲህ።

1 ሰዓት ተኩል፣ አይከል

ኬላ። ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ቱቦዬን አንስቶ «ምንድን ነው ይሄ አባባ?» አለኝ።

«የገንዳ ውሃ የሕዝብ ማዕከል ፕላን ነው» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ክዳኑን ከፈተና ወረቀቱን ዘረጋው። ጉበት፣ ጨጓራ፣ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሮዝ አንጀት፤ ከላይ በትልልቅ ፊደል «የምግብ መፈጨት ሥርዓት»። ፈታሹ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ።

«አዳራሹ የትኛው ነው? ጨጓራው?»

«መውጫውንስ አሳምረው ነው የሠሩት!» አለ ሹፌሩ ከኋላዬ።

ተሳፋሪው ሁሉ አለቀ በሳቅ። ለልጅ ልጄ ደወልኩላት። ዛሬ በዚህ ሥዕል ልታስተምር ነበር። «ምንም አይደል አያቴ» አለችኝ፣ «የኔ ተማሪዎች ዛሬ የአዳራሽ ጣሪያ ይማራሉ።»

3 ሰዓት፣ ነጋዴ ባሕር

ካፖርቱ ወለቀ። ሹራቡ ወለቀ። ሁለተኛው ሹራብ አንገቴ ላይ ተጣብቆ ሹፌሩ ነው ጎትቶ ያወጣልኝ። አንድ ቁራጭ ሐብሐብ በሠላሳ ብር ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ከዚህ ወዲያ መሬቱ ይዘረጋል፤ ታጭዶ፣ ታስሮ የቆመ ሰሊጥ፣ ቀይ ማሽላ፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የጭነት መኪና ላይ የተደራረቡ የቀን ሠራተኞች።

4 ሰዓት ተኩል፣ ገንዳ ውሃ

ሜዳውን በእግሬ ስረግጠው የመጀመሪያዬ ነው። የውሃ ፕላስቲክ፣ ያለቀ ጎማ፣ ጎማ የሌለው ተሳቢ። ፎቶው ላይ ሰው ያልነበረበት ቦታ ባዶ አይደለም። ሃምሳ የሚሆኑ ሠራተኞች ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። በመካከላቸው አንዲት የኒም ዛፍ አለች። ከእሷ ወዲያ ሁለት ጉቶ፤ የተቆረጡበት ገና ቢጫ ነው።

ከዛፏ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ጀሪካን ገልብጣ አስቀመጠችኝና ውሃ ሰጠችኝ። ሐዋ ትባላለች። ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ እዚሁ ቀርታለች፤ የሠራተኛውንም ጓዝ የምትጠብቀው እሷ ናት። ምድጃዋ ጥላውን ተከትሎ ግንዱን ይዞራል፤ ጧት በምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በምሥራቅ።

«እኛ ሰዓት የለንም አባባ፤ ሐዋን ነው የምናይ» አለኝ ይርሳው የሚባል የጎጃም ሰው። «ምድጃዋ ከግንዱ ሲጠጋ ስድስት ሰዓት ነው። ሦስቱ ዛፍ ሳሉ ሁላችነንም ይይዙን ነበር፤ አሁን በተራ ነው የምንጠለል።»

«ማን አስቆረጣቸው?» አልኩ። ሆዴ ግን አውቆታል።

«አንድ የጎንደር መሐንዲስ ነው አሉ» አለች ሐዋ፣ ብርጭቆ እያጠበች። «ዛፎቹ ፀሐዩን ከለሉት ብሎ። ሰዉ ቁጭ ብሎ ፀሐይ እንዲሞቅ!»

«እዚህ?» አለ ይርሳው። «መተማ ላይ? እንግዲያ ሰሊጥ መስለነው ነው፤ ሊያደርቀን ነው!»

ሳቁ። እኔስ? እኔም ሳቅሁ። ይባስ ብዬ «እብድ መሆን አለበት!» አልኩ። ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

እኛ ጎንደሬዎች ጧት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ ካልሞቅን ቀኑ የሚጀምር አይመስለንም። አደባባይ ሲባል የመጣልኝ ያ ነው፤ ሽማግሌ፣ ጋቢ፣ የጧት ፀሐይ። ስለዚህ መቀመጫዎቹን በሙሉ ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፤ ንድፉ ውስጥ በሦስቱ ዛፎች ላይ በእርሳስ የመስቀል ምልክት አድርጌ «ይነሣ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይቺስ?» አልኩ ወደ ላይ እያየሁ።

«እሷም ዛሬ ከሰዓት ናት። ትራክተሩ ያውና» አለች ሐዋ። ገመዱ ከግንዱ ላይ ታስሯል። «ጥላ ከሌለ ሰው አይቀመጥ፤ ሰው ካልተቀመጠ እኔም ወደ ኮኪት ነኝ። ልጆቼ ግን የሚማሩት እዚህ ነው።» ቀጥላ ፊቴን አየችና «ኧረ አባባ፣ አብሽሩ፣ እርስዎ ምን አደረጉ!» አለችኝ።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ ልፈልግ ተነሳሁ። «ፀሐዩ ራስዎን ይመታዎታል» ብላ ጃንጥላዋን ዘርግታ ሰጠችኝ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ ሰብሳቢው አቶ ሙላት ከባጃጅ ወርዶ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጠራኝ።

«መሐንዲሳችን! እንኳን ደህና መጡ! እንዳዘዙት ሁለቱን አንስተናል።»

ዞሬ አላየኋትም። ቆይቼ ስዞር ሐዋ ያንኑ ጀሪካን ይዛልኝ መጥታ ነበር። «ይቀመጡ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እብዱ እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

«ሦስተኛዋ አትቆረጥም» አልኩት ለአቶ ሙላት።

«ትራክተሩ እኮ ተከራይቷል! ፊርማዎም አለበት።»

«ፊርማው የእኔ ነው። ቦታውን ሳላይ ነው የፈረምኩት።»

«ለአንድ ዛፍ ብለን አዳራሹን እናዙር?»

«አዳራሹ ይዙር። ዛፏ መሬት ላይ ቆማለች፤ ገና ወረቀት ላይ ያለው እሱ ነው።»

ወረቀት ሲባል ቱቦዬ ትዝ አለኝ። አንጀቱን ገልብጬ ጀርባውን መሬት ላይ ዘረጋሁ፤ ይርሳው አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ያዘልኝ። ሐዋ እየተራመደች ጥላው በየሰዓቱ የት እንደሚደርስ በእግሯ አሳየችን፤ እኔ ከኋላዋ በጃንጥላዋ ተጠልዬ በእርሳስ ተከተልኳት። አዳራሹ ለከሰዓት ፀሐይ ጀርባውን ሰጠ፤ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ወጣለት። ይርሳው የጓዝ ማስቀመጫ ክፍል ጠየቀ፤ ገባ። የውሃ ቧንቧ፤ ገባ። መቅጠሪያው ቦታ ከዛፏ ሥር እንዳለ ቀረ። በጉቶዎቹ ቦታ ሁለት ችግኝ ብዬ ጻፍኩ፤ እኔ እንደማልጠለልባቸው እያወቅሁ።

አቶ ሙላት አገላብጦ አየው፤ ጨጓራውንም አየው። «ኮሚቴው ይወስናል» አለ። ስለ ዛፏ ግን «አትነካ» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ፈረምኩ፤ እሱም እያቅማማ ፈረመና ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ትራክተረኛው «ተማም!» ብሎ ገመዱን ፈታ። ይህችን «እሺ፣ ደህና» የምትል የሱዳን ቃል እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም።

8 ሰዓት፣ መልስ

«አባት፣ ቶሎ! ሳይመሽ ኬላውን እንለፍ!» ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። ወረቀቱን ጠቅልዬ፣ ካፖርቴን ታቅፌ ሮጥኩ። የእኔ ሩጫ ለሌላው ሰው የእግር ጉዞ ነው፤ ቢሆንም ደረስኩ።

ቁልቁል የወረድነውን ዳገት ስንወጣ ነው ጉልበቴ ላይ ያየኋት። የሐዋ ጃንጥላ። አንዱ ዘንጓ ተሰብሮ በሰማያዊ ክር ታስሯል። ሁለት ዛፍ አስቆርጬባት፣ የቀረቻትንም ይዤባት መጣሁ።

12 ሰዓት፣ ጎንደር

የጃንጥላዋን ነገር በመንገድ የነገርኩት ሹፌር ስንወርድ «ነገ ተመላሽ ነኝ፤ ላድርስላት?» አለኝ። እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩ። ለአቶ ሙላት ጥፋቴን ነግሬያለሁ፣ ወረቀት ላይም ፈርሜያለሁ፤ ለሐዋ ግን ያን ሁሉ ሰዓት ከኋላዋ ስዞር አንዲት የይቅርታ ቃል አልወጣኝም። እሱን ሹፌር አያደርስልኝም።

«ራሴ እወስዳታለሁ» አልኩት።

እስካሁን አልወሰድኩም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ጧት ጧት ግድግዳዬን ተደግፌ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ሐዋ አሁን ከግንዱ በምዕራብ ናት እላለሁ። ጃንጥላዋ ከበሩ ጥግ፣ ከሁለቱ ቱቦዎች አጠገብ ቆማለች።