ሆዷ ያልተቀባ ጀልባ

«ውሃ ዳር ቆሜ...» ይላል ጋሽ ቡሽራ፤ ቀጣዩ ስንኝ ስለጠፋበት በማንጎራጎር ይሞላዋል። ዕድሜውን የሰው ቁምሳጥን ሲቀባ ኖሮ፣ ዊንጌት አጠገብ ባለች ሱቁ የመጀመሪያ ጀልባውን ሠርቷል። ተደፍታለች፤ ጎኗ በቬርኒሽ እንደ ማር ያበራል፣ ሆዷ ግን ገና ደረቅ እንጨት ነው።

ያዘዛት ባለሬስቶራንቱ ግዛቸው ተሸካሚዎች ይዞ መጣ።

«ጋሽ ቡሽራ፣ ሆዷን ይተዉት በቃ! ማን ያየዋል? ክትፎ የምደረድርባት እኮ ናት።»

ቡሽራ ከእግር እስከ ራሱ ገላመጠው። ክትፎ! ሐይቅ ላይ እንደ ሙሽራ ልትንሸራሸር የተወለደች፣ የቅቤ ገበታ ልትሆን! ይህ ሰው እኮ ወፍ ቢሰጡት ላባዋን ለትራስ ይነጫል።

«ውሃ የምታስገባ ጀልባ ከእጄ አትወጣም።»

«ዛሬ ምርቃት አለብኝ! ልጆች፣ አንሷት!»

ቡሽራ ቀደማቸው። ውሃ የማያስገባውን ሙጫ፣ ሬዚኑን፣ ከማድረቂያው ጋር በጥብጦ ሆዷ ላይ አፈሰሰና በብሩሽ ያዳርሰው ጀመር። የሚያጣብቀውን ነገር ደፍሮ የሚነካ ጠፋ።

«በዚህ በእንጦጦ ብርድ ከነገ በፊት አትደርቅም። ክትፎህን በሳህን አቅርብ፤ ሳህን የለህም እንዴ?»

ግዛቸው እየተራገመ ወጣ። ቡሽራ ሆዷን እስከ ጫፍ አዳርሶ እጁን ታጠበ፤ ሚስቱ አሪፋ ከጠዋት የቋጠረችለትን ምሳ ከፍቶ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ቁጭ አለ።