ለማዕረግ ቦታ ያጣው ፋይል

ይህ የሆነው ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነው። አሁን ልጄ ስልኳን ይዛ «ሞልቷል፣ አልቀበልም አለኝ» ባለች ቁጥር የፉሪው ባላምባራስ ፈይሳ ትዝ ይሉኛል። ለብቻዬ ስስቅ ቤተሰቡ ያረጀሁ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር ከነበራቸው ጥቂት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ካርድ የምበሳ ሠራተኛ ነበርኩ። ስም እየተየብኩ በወፍራም ካርድ ላይ ቀዳዳ አወጣለሁ፤ ማሽኑ ቀዳዳውን አንብቦ ስሙን ያስቀምጣል። ቤታችን ሰበታ ስለነበር በየቀኑ በአውቶቡስ እመላለስ ነበር።

የሰበታ ልጅ በመሆኔ አንድ ሥራ ተሰጠኝ። በእኛ በኩል አዲስ የጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ መሬታቸው የተወሰደባቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ በምትኩ ከየቤቱ አንድ ሰው ሊቀጠር ስምምነት ተደርጓል። ዝርዝሩ በኮምፒዩተር ይታተምና ቅዳሜ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ይነበባል። ስሙ ያልተነበበ ቤት ቦታው ለሌላ አመልካች ይሰጥበታል። ሰዉን የመዘገብኩትም ካርዱን የበሳሁትም እኔ ነኝ።

ሰበታ አጠገብ ያለችው ፉሪ ላይ ስመዘግብ ባላምባራስ ፈይሳ ከምራታቸው ከጫልቱ ጋር መጡ። ልጃቸው ሞቶ ጫልቱ ሁለት ሕፃናት ይዛ እሳቸው እጅ ላይ ቀርታለች። የሚቀጠረው ሰው እሷ ናት። ሽማግሌው ወረቀቴ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ባላምባራስ ብለሻል?»

«ብያለሁ፣ አባባ።»

ጽፌ እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ እስካነሳ አልሄዱም።

ለአንድ ቤት አንድ ካርድ እንድጠቀም ተነግሮኝ ነበር። ካርዱ ላይ ግን የአባወራው ስም እስከ አያት፣ የሚቀጠረው ሰው ስም፣ ሰፈሩና ቁጥሩ መግባት አለበት። ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች ሲጨመርበት አልበቃ አለኝ። ከአያት ስምና ከማዕረግ የቱን ልቁረጥ? ያደግኩት የትልቅ ሰው ስም በባዶው ስትጠሪ አፍሽን ትመቻለሽ እየተባልኩ ነው። ስለዚህ ማዕረግ ላለው ሁሉ ሁለተኛ ካርድ ጨመርኩለት። ካርድ ደግሞ በሽ በሽ ነው፣ ምን ይጎዳል አልኩ።

ረቡዕ ዕለት ካርዱን ለማሽኑ ስንመግበው ሰበታን ጨርሶ ፉሪ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንድ ቁጥር አብርቶ ዝም። አለቃዬ አቶ ታደሰ «የታጠፈ ካርድ ይኖራል» አሉ። አንድ በአንድ አየሁት፣ የታጠፈ የለም። እንደገና መገብነው፣ እዚያው ቦታ ቆመ። የቆመበትን ካርድ ደግሜ በሳሁት፣ አሁንም ቆመ።

እልህ ያዘኝ። የፉሪን ካርዶች አንስቼ ከፊት አደረግኳቸው። ፉሪ በሙሉ ገባና አሁን የሰበታ መጨረሻ ውጭ ቀረ። ገባኝ። ካርዱ ምንም አልሆነም፤ የፉሪም ሰው ጥፋት የለበትም። ማሽኑን የሚያዘጋጅልን ፈረንጅ ባለሙያ ለፋይሉ ማሽኑ ውስጥ ቦታ የከለለው ለአንድ ቤት አንድ ካርድ ብሎ አስልቶ ነው። ቦታውን የሞላሁት እኔ በጨመርኩት ማዕረግ ነው።

ክልሉን ማስፋትም ዝርዝሩን ለሁለት ከፍሎ ማስገባትም የሚያውቀው ፈረንጁ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዕረፍት አገሩ ሄዷል።

«ማዕረጉን ቁረጪና ተገላገይ» አሉ አቶ ታደሰ።

«ሕዝብ ፊት ነው የሚነበበው፣ አቶ ታደሰ።»

«ታዲያ ማን ይቅር?»

ማንም አይቀርም ብዬ ሐሙስ ጠዋት ፉሪ ወጣሁ። እሳቸው እሺ ካሉ ሌላው አፍ አይኖረውም ብዬ በቀጥታ ባላምባራስ ቤት ሄድኩ። አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ምን እግር ጣለሽ?»

ሳልደባብቅ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ነገርኳቸው። ማዕረጉ ከተነሳ ሁሉም ቤት ይገባል፣ ካልተነሳ የሚቀር ቤት አለ አልኩ።

«የእኔም ይነሳል?»

«የአንቱም ይነሳል።»

የያዙትን እንጨት መሬት አስደገፉት። «ማሽኑ ምን ያክላል?»

«አንድ ክፍል ይሞላል።»

«ክፍል የሚያክል ነገር አንዲት ቃል መጨመር አቃተው?»

እሳቸው ትከሻቸውን ዳበሱ፤ በጠላት ጊዜ ማዕረጉን ያስገኘላቸው ቁስል እዚያ ላይ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ጫልቱ ትንሹን ልጅ አዝላ ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማናለች።

«የእሷ ስም ሙሉውን ይገባል?»

«ሙሉውን ይገባል።»

«እንግዲያው ቁረጪው። ግን አንዱን ቆርጠሽ አንዱን ብትተዪ በዚህ በር እንዳላይሽ።»

አርብ ቀኑን ሙሉ ስበሳ ዋልኩ። መጀመሪያ የቆረጥኩት የገዛ አጎቴን ግራዝማችነት ነው፤ ለወራት አኩርፎኛል። ቀኛዝማቹንም፣ ሐጂውንም፣ ኦቦውንም አነሳሁ። ለአንድ ቤት አንድ ካርድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ መገብነው። የቆመበትን ቦታ ሲያልፍ አቶ ታደሰ አማተቡ። እኔ የመጨረሻው ሰው ስም ታትሞ እስኪወጣ ከማሽኑ አጠገብ አልተነሳሁም።

ቅዳሜ ፋብሪካው በር ላይ ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የፋብሪካው ጸሐፊ ማንበብ ጀመረ። ሁሉም ስም ባዶውን ነው። ሰዉ ማጉረምረም ያዘ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ፈይሳ ጉደታ ቦሩ» አለ ጸሐፊው።

የተነሣ የለም፤ ደግሞ ጠራ። ያን ሽማግሌ በዚህ አጠራር ጠርቷቸው የሚያውቅ አልነበረም። ባላምባራስ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡና «አለሁ» አሉ። እሳቸው ሲነሡ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ብድግ አለ። ማንም ተነሡ ያለው የለም። ጫልቱ ሄዳ ወረቀቷን ተቀበለች። ከዚያ ወዲያ ያጉረመረመ አልነበረም።

ፈረንጁ ሲመለስ የፋይሉን ክልል ያሰፋው የቀዳውን ሻይ ሳይጨርስ ነው። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። «አሳየኝ» አልኩት፤ እስካውቀውም አልለቀቅኩትም። መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ የሁሉንም ማዕረግ መመለስ ነበር። ዝርዝሩን ግን ከዚያ በኋላ ሕዝብ ፊት ያነበበው የለም።

ጫልቱ ከፋብሪካው ጡረታ ስትወጣ አግኝታኝ ያላወቅኩትን ነገረችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ባላምባራስ ብሎ የጠራቸውን ሰው «ፈይሳ በሉኝ፤ ምራቴን ያስቀጠራት ፈይሳ ነው» ይሉ ነበር። እስኪሞቱም እንዲሁ ነበሩ። እየቀለዱ ይሁን ከፍቷቸው እሷም አታውቅም። በሥራዬ አልጸጸትም፤ አንድም ቤት አልቀረም። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ግን ስማቸውን ባነሳሁ ቁጥር ባላምባራስ ሳልል አልፌ አላውቅም።